ሁለት ዓይነት የአጥንት ቈጠራ

በቋንቋችን አጥንት የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም አለው። አንደኛው ሥጋን ደግፎ የሚያቆመው ጠንካራው የሰውነት ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ግን ዘር ነው። ሽማግሌዎች ለጋብቻ በተላኩ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ሀብትና ስለ መልክ አይደለም፤ «አጥንቱ ከወዴት ነው?» ብለው ነው። ከዚያም አባትን ከአያት፥ አያትን ከቅድመ አያት እያያያዙ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ይህም ቈጠራ በጎ ምክንያት አለው፤ የቅርብ ዘመዳሞች ሳያውቁ እንዳይጋቡ ይጠብቃልና። ዳሩ ግን ከዚህ በጎ ቈጠራ ጋር ሌላ ቈጠራ ተዳብሎ ይገኛል፤ ይኸውም «የእኔ አጥንት የጠራ ነው፥ የእርሱ ግን ያደፈ ነው» ለማለት የሚቈጠረው ነው።

እኛም በዚህ ጽሕፈት ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው። የሰው ዘመድነት በእውነት በአጥንቱ ውስጥ ይገኛልን? ቢገኝስ ምን ዕዳ ይጥልብናል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ነገር ግን በዘመናችን ሐኪሞች በአጥንት ውስጥ ያለውን መቅኔ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ለማሻገር ስለ ቻሉ፥ አባቶቻችን በምሳሌ ይናገሩት የነበረው ነገር ዛሬ በሥራ ተፈትኖ ይታያል። በዚህ ጽሕፈት የሚገኙትን ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንደ ጻፍናቸው አንባቢ ልብ ይበልልን።

አስቀድመን የመቅኔን ሥራ እንናገር። በትልልቆቹ አጥንቶቻችን ውስጥ ያለው ቀይ መቅኔ የደም ሁሉ ምንጭ ነው። በእርሱም ውስጥ ሐኪሞች ግንደ ሕዋስ የሚሏቸው እጅግ ጥቂት የሆኑ ረቂቃን አካላት ይኖራሉ። ከእነዚህ ከጥቂቶቹ አየርን ወደ ሥጋ የሚያደርሰው ቀዩ ሕዋስ፥ ቍስልን የሚያረጋው፥ በሽታንም የሚዋጋው ነጩ ሕዋስ ሁሉ ይወለዳል። በአንድ ቀን ብቻ በአንድ ጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ 200 ቢሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት ይወለዳሉ። እንግዲህ መቅኔው በካንሰር የተያዘ ወይም ከተፈጥሮ የደከመ ሰው ከምንጩ የደረቀ ወንዝ ይመስላል፤ ከታች ውኃ ቢጨምሩበት አይረባውም፥ ምንጩ ራሱ ካልታደሰለት በቀር።

መድኃኒቱም እንዲህ ነው። የበሽተኛውን መቅኔ በብርቱ መድኃኒት ወይም በጨረር ያጠፉታል፤ ከዚያም ከጤነኛ ሰው የተወሰደውን ግንደ ሕዋስ እንደ ደም በሥሩ ያንቈረቍሩለታል። እነዚያም ሕዋሳት መሪ ሳይሹ በደም መንገድ ተጕዘው ወደ አጥንቱ ውስጥ ይገባሉ፥ በዚያም ተቀምጠው ይራባሉ። ሥራው ከተሳካም በኋላ በበሽተኛው ሥሮች የሚመላለሰው ደም የለጋሹ ደም ነው። የደሙ ዓይነት ከለጋሹ የተለየ የነበረ እንደ ሆነ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ለጋሹ ዓይነት ይለወጣል። ስሙ የአባቱ፥ መልኩም የእናቱ ሆኖ ሳለ ደሙ ግን የሌላ ሰው ነው። አጥንትን በኵራት ይቈጥር የነበረ ሰው በዚህ ነገር ፊት ምን ይል ይሆን?

ይህ ሕክምና በብዙ ኀዘን ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1957 የመጀመሪያውን ሙከራ ባስታወቀ ጊዜ፥ መቅኔ ከተሰጣቸው 6 በሽተኞች አንድም እንኳ ለብዙ ጊዜ አልኖረም። የሚሳካው ለጋሹና ተቀባዩ ከአንድ ዘር የተከፈሉ መንትዮች ሲሆኑ ብቻ ይመስል ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ያስቻለው በ1958 ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የሚገኝ አንድ ምልክት ማግኘቱ ነው። ይህም ምልክት ዛሬ ኤች. ኤል. ኤ. ከሚባሉት ከብዙዎቹ የመጀመሪያው ሆነ። እነዚህ ምልክቶች ለሰውነት ጠባቂዎች እንደ ይለፍ ቃል ናቸው፤ ጠባቂው ሕዋስ ይህን ምልክት አይቶ «ይህ የቤት ሰው ነው፥ ይህ ግን ባዕድ ነው» ብሎ ይለያል። ስለዚህም ሥራ ዶሴ በ1980፥ ቶማስም በ1990 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ምልክቶቹ የሚወረሱት እኵሌታው ከአባት እኵሌታው ከእናት ነው። ስለዚህ አባት ከልጁ ጋር በእኵሌታ ይገጥማል፥ በሙሉ ግን የሚገጥመው በአጋጣሚ ብቻ ነው። ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች ደግሞ ፍጹም የሚገጥሙት ከ4 አንድ ጊዜ ነው፤ ከ4 አንድ ጊዜም በምንም አይገጥሙም። በ1968 በአሜሪካ በሚኔሶታ ሮበርት ጉድ የተባለው ሐኪም፥ በሽታ የመከላከል ኃይል ከቶ ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን ከእኅቱ የተወሰደ መቅኔ ሰጠው፤ ሕፃኑም ድኖ አደገ። መንትያ ካልሆነ ዘመድ በተገኘ መቅኔ ሰው መዳን መቻሉ በዚያ ጊዜ ታየ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። በሽተኛው አዲሱን መቅኔ ተቀብሎ ሲነሣ፥ በሽታን የሚከላከለው ሠራዊት በአንድ ቀን አይመለስለትም፤ በየተራው ይመለሳል እንጂ። አስቀድመው የሚመጡት ተሐዋስያንን የሚውጡት ነጭ ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያሉ። ቀጥለውም ጠላትን ያለ ትምህርት ለይተው የሚገድሉት ይመጣሉ። የመጨረሻዎቹና የዘገዩት ግን ጠላትን አንድ በአንድ ተምረው የሚያውቁት ናቸው። ትምህርት ቤታቸውም በደረት ውስጥ ከልብ በላይ የምትገኝ ታይመስ የምትባል እጢ ናት። እርሷም በሕፃንነት ትልቅ ሆና በዕድሜ ብዛት የምትኰማተር ስለ ሆነች፥ በጐልማሳና በሽማግሌ ዘንድ ይህ ትምህርት አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ይፈጃል። በዚህም ጊዜ ውስጥ በሽተኛው እንደ አዲስ ሕፃን ነው፤ በልጅነቱ የተከተበውን ክትባት ሰውነቱ ስለ ረሳው እንደ ገና ይከተባል።

የዚህም ሠራዊት ጠባይ የሚመጣው ከለጋሹ ውርስ ነው። ምልክቶቹ ሳይገጥሙ ቢቀሩ የለጋሹ ጠባቂዎች የተቀባዩን ቤት እንደ ጠላት ቤት ቈጥረው በቈዳውና በአንጀቱ፥ በጕበቱም ላይ ይነሣሉ፤ ይህንንም ለማብረድ የሚሰጠው መድኃኒት የሠራዊቱን መመለስ ያዘገየዋል። ምልክቶቹ ቢገጥሙ እንኳ ነገሩ በዚህ አይፈጸምም። ያለ ትምህርት የሚገድሉትን ሕዋሳት የሚመራው ውርስ የሚገኘው ከኤች. ኤል. ኤ. ስፍራ ውጭ በሌላ ክፍል ነውና፥ በምልክት የሚገጥሙ ሁለት ወንድማማች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። በአንዳንድ የደም ካንሰር ከለጋሾች የአንዱ ውርስ ከሌላው ይልቅ በሽታው እንዳይመለስ ሲረዳ ታይቷል።

የለጋሽ ውርስ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳየው ዝነኛው ታሪክ በበርሊን ይኖር የነበረው የአሜሪካዊው የቲሞቲ ሬይ ብራውን ታሪክ ነው። ይህ ሰው ኤች. አይ. ቪ. በደሙ ያለበት ሆኖ ሳለ ደግሞ የደም ካንሰር ያዘው። በ1907 ሳይሆን በዘመናችን በ2007 ሐኪሙ ጌሮ ሁተር ከሚገጥሙት ለጋሾች መካከል ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር በተፈጥሮ የጐደለውን ሰው ፈልጎ አገኘ። ይህም ጕድለት ከአባትም ከእናትም ሲወረስ የሚገኘው በሰሜን አውሮጳ ከ100 ሰው በ1 ያህል ነው። ብራውንም በ2007ና በ2008 የዚያን ሰው ግንደ ሕዋስ ተቀበለ፤ አዲሱ ሠራዊቱም በር የሌለው ቤት ሆነና ቫይረሱ ዳግመኛ አልተገኘበትም። በ2020 የሞተው የካንሰሩ በሽታ ተመልሶበት ነው።

እስከዚህ ድረስ የሰማ ባለ አጥንት ምናልባት ደስ ይለው ይሆናል። «እነሆ ሐኪሞቹ ራሳቸው መሰከሩ፤ ዘር ነገር ነው፥ አጥንትም ይቈጠራል» ይል ይሆናል። ስለዚህ ወደ አገራችን ተመልሰን፥ አጥንት እጅግ አጥብቆ ሲቈጠር ወደ ኖረበት ስፍራ እንሂድ።

ከጂንካ ከፍ ብሎ በሚገኘው ደጋ ገዘር የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ የሚኖረው የአሪ ሕዝብ ነው፤ እንሰትና እህል፥ ቡናና ኮረሪማ የሚያበቅል አራሽ ሕዝብ። በዚህ ሕዝብ መካከል ከጥንት የመጣ አንድ አጥር አለ። አራሾቹ ካንጻ ይባላሉ፤ ብረት ቀጥቃጮቹና ሸክላ ሠሪዎቹ ማና ይባላሉ። ቋንቋቸው አንድ ነው፥ ገበያቸውም አንድ ነው። አራሹ መሬቱን የሚቈፍርበት ብረት የቀጥቃጩ ሥራ ነው፤ ምግቡን የሚያበስልበት ድስት የሸክላ ሠሪዋ ሥራ ነው። ነገር ግን በቆየው ልማድ ካንጻ ከማና ጋር አይጋባም፥ ማዕዱንም አይካፈልም። ዛሬ ልማዱ በትምህርትና በዘመን ብዛት ላልቷል፤ ፈጽሞ ጠፋ ግን አይባልም። ይህንም ስንናገር አሪን ለብቻው መንቀፋችን አይደለም። በሰሜኑም አገር ቀጥቃጩን ቡዳ እያሉ፥ ሸማኔውንም እየናቁ መስደብ የቆየ ነውር ነው፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን የሚሳደበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ያደረሳቸው ይኸው ነው።

ስለዚህ አጥር የጥንት ምክንያት ሊቃውንት ሁለት አሳብ ነበራቸው። አንዳንዶቹ፥ ቀጥቃጮቹ አራሾቹ ሳይመጡ በፊት በአገሩ የነበሩ የሌላ ነገድ ቅሬታ ናቸው አሉ። ሌሎቹ ግን፥ ሁሉም ከአንድ ሕዝብ ናቸው፤ በሥራቸው ምክንያት ተንቀው ከወንድሞቻቸው የተለዩ ናቸው አሉ። በ2012 የታተመ የዘር ጥናት በአሪ አራሾችና በአሪ ቀጥቃጮች መካከል የሚታይ ልዩነት እንዳለ ባሳየ ጊዜ፥ የመጀመሪያው አሳብ ያሸነፈ መሰለ። «አጥንታቸው ሌላ ነው» ለሚለው ሰው ማስረጃ የተገኘ ይመስል ነበር።

ነገር ግን በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ፥ ከእነርሱም መካከል የአገራችን ሊቅ ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ ይገኙበታል፥ ነገሩን እንደ ገና መረመሩት። ያገኙትም ይህ ነው፤ ቀጥቃጮቹና አራሾቹ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው፥ የተለያዩትም ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ነው። የታየው ልዩነት ከሌላ ነገድ በመምጣታቸው የሆነ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ለብቻቸው ተከልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ፥ አንዳንዱ ውርስ በዕድል ይበዛል፥ አንዳንዱም ይጠፋል፤ ልዩነቱን የወለደው ይህ ነው። በዚያው ዓመት በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ በ2012 ተቈፍሮ የወጣ፥ ከ4500 ዓመት በፊት የኖረ የአንድ ሰው ሙሉ የዘር ጽሕፈት ታተመ። ከዛሬ ሕዝቦች ጋር ባስተያዩትም ጊዜ ለእርሱ እጅግ ቅርብ ሆኖ የተገኘው የአሪ ሕዝብ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ነገር ክብደት ተመልከት። ሰዎች «የተለዩ ስለ ሆኑ አጥር አቆምን» ይሉ ነበር፤ የአጥንቱ መዝገብ ግን «አጥር ስላቆማችሁ ተለዩ» ብሎ መለሰ። ልዩነቱ የንቀቱ ምክንያት ሳይሆን የንቀቱ ፍሬ ነው። ይህም ለአሪ ብቻ የሚነገር ትምህርት አይደለም። ሰው ወንድሙን ብዙ ዘመን ባዕድ ነው እያለ ቢኖር፥ በመጨረሻ በገዛ እጁ ባዕድ ሊያደርገው ይችላል፤ ከዚያም በኋላ የእጁን ሥራ አይቶ «አላልኋችሁም ነበርን?» ይላል።

አሁን ሁለቱን ነገሮች በአንድነት እናድርጋቸውና አንድ ምሳሌ እናንሣ። በገዘር አካባቢ የሚኖር የአንድ አራሽ ልጅ መቅኔው ደረቀ እንበል። ከእኅቶቹና ከወንድሞቹ የሚገጥም አልተገኘም፤ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፥ ለእያንዳንዱ ዕድሉ ከ4 አንድ ነውና። ሐኪሙም «ከቤት ውጭ ፈልጉ» አለ። በፈለጉም ጊዜ የሚገጥመው የቀጥቃጩ ልጅ ሆኖ ተገኘ እንበል። በእርግጥ ይሆናል አንልም፤ ሊሆን የማይችል ግን አይደለም። አባትየው ከዚህ በፊት የዚያን ልጅ አባት በማዕዱ አስቀምጦት አያውቅም። አሁን ግን የሚለምነው እንጀራን አይደለም፤ ከአጥንቱ ውስጥ ያለውን ነው። ልጁ ከዳነም በልጁ ሥሮች እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚመላለሰው ደም የቀጥቃጩ ልጅ ደም ነው። አባትየው ያን ጊዜ ልጁን በማዕዱ ያስቀምጠዋልን?

በዚህ ስፍራ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ፊተኛው፥ አባትየው ሊለምን ይገባዋልን? እኛ ይገባዋል እንላለን። ስለ ልጅ ሕይወት መለመን ነውር የለበትም፤ የሕፃኑም በሽታ የአባቱ ትዕቢት ቅጣት አይደለም። ሁለተኛው፥ የቀጥቃጩ ልጅ ሊሰጥ ግዴታ አለበትን? የለበትም እንላለን። የሰው አጥንት የራሱ ነው፤ ከአንድ ማኅፀን የተወለደ ወንድም እንኳ ቢሆን በፈቃዱ ካልሆነ በቀር አይወሰድበትም። ቢሰጥ ታላቅ ሥራ ሠራ፤ ባይሰጥም ማንም ሊፈርድበት አይችልም፥ ይልቁንም ትናንት የናቀው ሰው። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ አባትየው ልመናውን ሲያቀርብ ምን ማለቱ ነው? በቃሉ ባይናገረው እንኳ በሥራው «አንተ ዘመዴ ነህ» ማለቱ ነው። ይህም እውነት ነው። እውነቱ ግን ትናንትም እውነት ነበር፤ በገበያ ፊቱን ባዞረበት ቀን፥ ሴት ልጁን በከለከለውም ቀን እውነት ነበር። በችግር ቀን ብቻ የሚታወቅ ዘመድ ዘመድ አልተባለም፤ እንደ ዕቃ ተፈለገ እንጂ።

ክርክሩ ከሁለት ወገን ስለሚመጣ ሌላውንም ወገን እንስማ። «በእውነት የዘር ቅርበት ባይጠቅም ኖሮ ሐኪሞቹ ከገዛ ሕዝባችን ፈልጉ ባላሉም ነበር» የሚል ሰው አለ። እውነቱን መካድ አይገባም፤ ይጠቅማል። በ2014 በአሜሪካ የለጋሾች መዝገብ ላይ በታተመ ምርመራ፥ ከአውሮጳ ዘር የሆነ በሽተኛ ፍጹም የሚገጥመውን ባዕድ ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ ከ100 75 ሲሆን፥ ከአፍሪካ የሆነው ግን ከ100 20 እንኳ አይደርስም ነበር። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው በመዝገቡ የተጻፉት አፍሪካውያን ጥቂቶች መሆናቸው ነው። ሁለተኛው የሰው ልጅ ከሌላው ክፍለ ዓለም ይልቅ በአፍሪካ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ፥ የእኛ ውርስ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ዓይነት በመሆኑ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ባለ አጥንቱ የሚፈልገውን አያስረዳለትም። እርሱ የሚፈልገው የእርሱ አጥንት ከሌላው የሚበልጥ መሆኑን ነውና፤ በዚህ መዝገብ ውስጥ ግን የሚበልጥና የሚያንስ የለም፥ የሚገጥምና የማይገጥም ብቻ ነው እንጂ። ቍልፍ ለአንዱ በር ሠርቶ ለሌላው ባይሠራ፥ የማይሠራለት በር የተናቀ ነው አይባልም። ደግሞም የገዛ ወንድሙ ከ4 ሦስት ጊዜ ፍጹም የማይገጥመው ሆኖ ሳለ፥ የአባትን ስም እየጠሩ መመካት በዚህ ስፍራ ምን ይረባል? የሕዝብም ኃይል በመመሳሰል ብቻ የሚገኝ አይደለም። የአንዱ ምልክት የማያሳየውን ተሐዋሲ የሌላው ምልክት ያሳየዋልና፥ ምልክቶቹ የተለያዩበት ሕዝብ አንድ ቸነፈር ሁሉን በአንድ ጊዜ አያጠፋውም።

እጅግ የሚያስገርመውም ይህ ነው፤ ብራውንን ያዳነው ውርስ በሌላ ስፍራ ጕዳት ነው። ያ በር የጐደለው ሰው ኤች. አይ. ቪ. ባይዘውም፥ የምዕራብ ናይል ትኵሳት የተባለው በሽታ ቢይዘው ከሌላው ሰው ይልቅ ይጠናበታል። እንግዲህ ያ ለጋሽ በውርሱ ሊመካ ይችላልን? አልሠራውም፥ አልገዛውም፥ ሲወለድም አልመረጠውም። የእርሱ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «እሰጣለሁ» ብሎ ክንዱን መዘርጋቱ። የወረስነው ነገር ምስጋና አያሰጠንም፤ ምስጋና የሚያሰጠን በወረስነው ነገር ያደረግነው ነው። በቅርብ ዘመን ደግሞ ሐኪሞች የተሻለ መንገድ ስላገኙ፥ በእኵሌታ ብቻ የሚገጥም አባት ለልጁ፥ ልጅም ለእናቱ ሊሰጥ ችሏል። ጥበብ ራሷ አጥርን ወደ መቀነስ ትሄዳለች፤ ሰው ግን አጥርን ሲጨምር ይገኛል።

ስለ ሌላ ዓይነት የአጥንት ቈጠራም ሳንናገር ይህን ጽሕፈት ልንፈጽም አይገባንም። በ1971 አንቶኒ ኖላን የሚባል ሕፃን መቅኔው የታመመ ሆኖ ተወለደ። ከዘመዶቹም የሚገጥመው አንድ ሰው አልተገኘም። እናቱ ሸርሊ ኖላን በ1974 በለንደን፥ ለማያውቁት ሰው መቅኔያቸውን ለመስጠት የሚፈቅዱትን ሰዎች እየመረመረ ምልክታቸውን የሚጽፍ መዝገብ አቋቋመች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መዝገብ በዓለም አልነበረም። እርሷም የሰውን አጥንት ትቈጥር ነበር፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን አይደለም፥ ማንን ሊያድን እንደሚችል ለማወቅ ነው እንጂ። ለልጅዋ የሚገጥም ሰው ሳይገኝ ልጁ በ1979 ሞተ። መዝገቡ ግን አልተዘጋም፤ የሌሎች እናቶች ልጆች እስከ ዛሬ ይድኑበታል። ያች እናት ለልጅዋ የሻተችውን ሳታገኝ፥ ለማታውቃቸው ልጆች አተረፈች።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት የአጥንት ቈጠራ በፊታችን ቀርቧል። አንደኛው ሰውን ከማዕድና ከጋብቻ ለማራቅ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው ሰውን ከሞት ለመመለስ ይቈጥራል። አንደኛው ወደ ኋላ እያየ ሙታንን ይጠራል፤ ሁለተኛው ወደ ፊት እያየ ሕያዋንን ይፈልጋል። እኛ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያው እጅግ የተማርን ነን፤ ሰባት ቤት ያለ መጽሐፍ መቍጠር የሚችል ሽማግሌ በየመንደሩ አይታጣም። በሁለተኛው ግን ገና ጀማሪዎች ነን። በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኵላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ዘመድ ለዘመዱ ከሰውነቱ ከፍሎ ሰጠ፤ ይህ መልካም መጀመሪያ ነው። የመቅኔው ነገር ግን ከዘመድ ቤት ያልፋል፤ የሚገጥመን ሰው ያልተወለድንበት መንደር ልጅ፥ ምናልባትም ስሙን በንቀት የምንጠራው ሰው ልጅ ሊሆን ይችላልና።

በየከተማው ያላችሁ መምህራንና ሽማግሌዎች፥ የሕዝብም አባቶች ሆይ፤ ለጋብቻ አጥንት ስትቈጥሩ የምትጠይቁትን ጥያቄ አንድ ጊዜ ለራሳችሁ ጠይቁት። የምትቈጥሩት ልጆቹን ከጕዳት ለመጠበቅ ነውን? ወይስ የአንዱን ልጅ ከሌላው ልጅ በታች ለማድረግ ነውን? ፊተኛው እንደ ሆነ ቍጠሩ። ኋለኛው እንደ ሆነ ግን የገዘርን ቀጥቃጭ አስቡ፤ 4500 ዓመት የማይሞላ አጥር ከወንድሙ ለይቶ ባዕድ አስመስሎታል፤ በአጥንቱ ግን የአንድ ቤት ልጅ እንደ ሆነ ይኖራል። የእርሱ ማዕድና የእኛ ማዕድ ሊገናኙ የሚገባቸው ሐኪም ሲያዝዝ አይደለም፤ ሁላችንም ጤነኞች ሳለን ዛሬ ነው።